ዲስትሪቢሲዮን የሚሏት ነገር

የጅቡቲዋ የዋራበሌ ሰፈር ሰዎች «አበባው ሚስት አላገባም፤ መኪና ነው ያገባው» ይሉታል። ሐሜት ነው ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ሰውየው አርባ አራት ዓመቱ ነው። በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ክፍሉ ማራገቢያ እንኳ የለውም፤ ለመኪናዋ ግን በሸራና በአጣና ዳስ ሠርቶላታል። ቀትር ላይ እሱ በላብ ሲጠመቅ እሷ ጥላ ሥር ትውላለች። ጨው የነካው ውሃ ቀለሟን ይበላዋል ብሎ የሚያጥባት በሚጠጣው ውሃ ነው። እሱ ራሱ የሚታጠበው በየትኛው እንደሆነ ባይጠየቅ ይሻላል።

መኪናዋ ፔጆ 206 ናት። ቀይ፣ አጭር፣ ከኋላዋ ቁርጥ ያለች፣ ወገቧ ወደ መሬት ዝቅ ያለ፤ ጎኗ ላይ «ጂቲአይ» የሚል ጽሑፍ አለባት። ቆማ ያያት የልጅ መጫወቻ ይላታል። ነዳጅ ሲረግጡላት ግን ጀርባን ከወንበር ጋር ታጣብቃለች። አበባው ዕድሜውን የጨረሰው ፒኬ ዱዝ በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ከአዲስ አበባ የሚወርዱ ተሳቢዎች ሆድ ሥር ተጋድሞ ነው። ከትውልድ ከተማው ከሐርቡ የወጣው ጎማ ተሸካሚ ረዳት ሆኖ ነበር፤ መካኒክነቱን በዓይኑና በጣቱ ነው የተማረው። ከዚህች መኪና በፊት የኔ የሚለው ነገር ቢኖር የመፍቻ ሳጥኑ ብቻ ነው።

የሸጠለት ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንሳዊ አስተማሪ ነበር፤ ነገሩ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2012 ነው። ሰውየው ቁልፉን ሲያስረክበው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጣቱን ሞተሩ ላይ ቀስሮ፣ «ላ ዲስትሪቢሲዮን! ሙሴ አበባው፣ ላ ዲስትሪቢሲዮን!» አለው፤ ደጋገመለት። እንዳይረሳውም ወረቀት ላይ ጽፎ ከሾፌሩ ፀሐይ መከላከያ ሥር ሰካለት።

እንግዲህ የኛ አገር መካኒክ ሥራውን የወረሰው ከጣሊያን አፍ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ይላል፤ በላዩ ላይ ትንሽ እንግሊዝኛ ደርቦበታል። ፈረንሳይኛውን አበባው የለቀማት ከገበያና ከኬላ ነው። ዓሣ ይገዛባታል፣ ፖሊስ ይለማመጥባታል፤ ሞተር ውስጥ ግን ገብቶባት አያውቅም። ስለዚህ «ዲስትሪቢሲዮን» ሲባል ዲስትሪቢዩተር ነው ብሎ ሰማ፤ በድሮ የቤንዚን መኪኖች ላይ ለየካንዴላው እሳት የምታድለውን ባርኔጣ መሳይ ዕቃ። ፈረንሳዩ እንደሄደ ኮፈኑን ከፍቶ ፈለጋት። የለችም። እንዲህ ያለችው መኪና ዲስትሪቢዩተር የሚባል ነገር አታውቅም።

አበባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። በማግስቱ ፒኬ ዱዝ ወስዶ አወራው። «ፈረንጅ ሆዬ የገዛ መኪናውን አያውቃትም! የሌላትን ዕቃ ቀይርላት አለኝ!» ሾፌሮቹ ሻይ እየጠጡ ሳቁ። ጨዋታው ስለጣመላቸው አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «እስቲ የፈረንሳዩን ንገረው» ይሉታል፣ እሱም እጁን እያወናጨፈ ይነግራል። ሁለት ዓመት ሙሉ አሳቀበት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ሌላውን ሁሉ አላጎደለባትም። ዘይቷን ከቀኗ በፊት ይቀይራል። የጅቡቲ አቧራ የአየር ማጣሪያዋን እንዳያንቀው በየሳምንቱ አውጥቶ ያራግፋል። ሾክ አብዞርበሮቿን የባልባላ መንገድ ጉድጓድ ሁለቴ በልቶበት ሁለቴ ተክቷል። ከውጭ የሚታየውን ቺንጋ፣ ዲናሞ የሚያዞረውን ቀበቶ ማለት ነው፣ ገና ሳይሰነጠቅ አዲስ አድርጎላታል። ከጎኑ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ግን ከፍቶት አያውቅም። ከባድ መኪና ላይ በዚያ በኩል የሚሠራው ብረት ነው፣ ጥርስ በጥርስ የተያያዘ፣ ከሰው ዕድሜ የሚበልጥ። የሚሠራን ነገር ደግሞ ማን ይነካካል?

ስርጉት የመጣችው በጥቅምት ነው። የታላቅ እህቱ የፋናዬ ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመቷ። አምስት ሳምንት ሙሉ እናቷ የት እንደገባች አታውቅም ነበር። ከፒኬ ዱዝ በሰው ስልክ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ስትለው ድምፅዋን አልለየውም። ሄዶ ሲያገኛት ተረከዟ ተሰንጥቋል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ የያዘችው አንድ ፌስታል ነው።

«ሁለት ቀን ብቻ አሳርፈኝ» አለችው። «ከዚያ ኦቦክ እወርዳለሁ። አብራኝ የወጣችው ሀዊ ቀድማኝ ደርሳለች። ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ።»

ኦቦክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አበባው ጅቡቲ በኖረበት ዘመን በቂ ሰምቷል። ባሕር የተፋቸውን ሬሳዎች ሰምቷል፤ ማዶ ደርሰው የጠፉትንም ሰምቷል። ለመናት፣ ተቆጣት፣ አልቅሶም አየ። ሁለቱ ቀን አሥር ቀን ሆነ፤ ሐሳቧ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ባዶ እጄን ሐርቡ ልግባ?» አለችው አንድ ጠዋት። «ሄዳ ሄዳ ተመለሰች ሊሉኝ? እናቴን አንገት ላስደፋ? ደግሞ በምን ልመለስ? ሁለተኛ የከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ አልገባም።»

ጋቢና ውስጥ ምን እንደገጠማት አልተናገረችም። እሱም አልጠየቀ። ዓይኑ ግቢው ውስጥ ወደቆመችው ቀይ መኪና ሄደ።

«በሷ ብወስድሽስ?»

ስርጉትም መኪናዋን አየች። አጎቷ በገዛ መኪናው፣ ያውም በቀይ መኪና፣ ደጃፍ ድረስ ያመጣት ልጅ «ተመለሰች» አትባልም። «አጎቷ ጋ ጅቡቲ ከርማ መጣች» ነው የምትባለው። የተመለሰችና የመጣች በሐርቡ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይህን ሁለቱም አወቁት።

«በሷ ከሆነ እሄዳለሁ» አለች።

ፋናዬ በስልክ ስትሰማ እልልታዋ የአበባውን ጆሮ በጠሰው። በሳምንቱ መጨረሻ ሐርቡ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። አበባው የድንበር ማለፊያ ወረቀት አወጣ። ዘይት፣ ካንዴላ፣ የፊት ጎማ፣ ፍሬን፣ ሁሉን አሰናዳ። ፀሐይ መከላከያውን ዝቅ ሲያደርግ የፈረንሳዩ ወረቀት ወደቀች፤ ፈገግ ብሎ መልሶ ሰካት።

ማክሰኞ ማለዳ ተነሱ። ፒኬ ዱዝን ሲያልፉ ሾፌሮቹ ክላክስ ነፉላቸው፤ አበባው እንደ ሙሽራ አጃቢ እየነፋ መለሰ። ስርጉት የገዛላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ክንዷን ለነፋስ ሰጥታለች። ዳገቱን ጨርሰው ግራንድ ባራ የሚሉት ሜዳ ላይ ወረዱ። የደረቀ ሐይቅ ነው፤ መንገዱ አንድ ኩርባ የለውም፣ ዓይን እስኪደክም ቀጥ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ያቺ የሚያወሩላት ፍጥነቷ ይቺው ናት?» አለች።

ነዳጁን ረገጠው። ቆጣሪው መቶ ሃምሳ ሲያልፍ ስርጉት ሳቀች። ጅቡቲ ከገባች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ አበባው ሳቋን ለመስማት ብሎ ጨመረላት። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ዝም አለ። ፍንዳታ የለ፣ ጭስ የለ፤ ዝም ብቻ። መኪናዋ ነፋሱን እየሰነጠቀች ጥቂት ተንከባለለች፤ ቆመች።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ እህል እንደሌለው ወፍጮ ያለወትሮው ቀለል ብሎ ይሽከረከራል፤ አይነሳም። እሳት ፈተሸ፣ ነዳጅ ፈተሸ፣ ፊውዝ ነቀለ ተከለ። ፀሐይዋ ወጥራ ሁለት ሰዓት ያህል እንደቆዩ ቡልቻ ደረሰ። ቡልቻ ከኮምቦልቻ አልፎ ጭነት የሚያመላልስ፣ ስድስት ልጆች ያሉት፣ አበባው በነፍሱ የሚያምነው ሾፌር ነው።

«እኔ ልውሰዳት» አለ ቡልቻ። «ሐርቡ መንገዴ ነው። እንደ ልጄ አድርጌ እናቷ እጅ ነው የማስረክባት።»

ስርጉት ቀና ብላ ጋቢናውን አየች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ያን ጊዜ አበባው «ልጄ፣ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ግቢ» ሊላት ይችል ነበር። አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ሊሄድም ይችል ነበር። ነገር ግን ሐርቡ በሌላ ሰው ጋቢና ሲገባ ታየው፤ እንደወጣው እንደ ረዳት።

«የለም፣ ትንሽ ነገር ናት» አለ። «ነገ ትነሳለች። ራሴ እወስዳታለሁ።»

ባዶውን ወደ ወደብ የሚወርድ መኪና ጎትቶ መለሳቸው። ሁለቱም ገመዱ ሲወጠርና ሲረግብ ያያሉ።

«እኔ ስለገባሁባት ነው» አለች ስርጉት።

«ምኑ?»

«እግሬ ደረቅ ነው፣ ጋሼ። ስመጣም የተሳፈርኩበት ሁሉ ይበላሽ ነበር። ሀዊ ስትለየኝ ወዲያው ደረሰች። አንተ ሁለት ዓመት ስትነዳት ምንም አልሆነችም።»

«ተይ፣ እንዲህ አይባልም» አለ። ይኸው ነው ያለው።

ሦስት ቀን በከንቱ ደከመ። የነዳጅ ፓምፕ ቀየረ፣ ሽቦ መረመረ። በአራተኛው ቀን መላው ሲጠፋው ቡላኦስ የሚባለው ሰፈር ወርዶ ዓብዱረዛቅን ይዞ መጣ። ዓብዱረዛቅ የፈረንሳይ መኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው እንደ ውሃ ይፈሳል። ቁልፉን አንዴ አዙሮ የሞተሩን ድምፅ ሰማና ፊቱን አጨፈገገ።

«አቦ አበባው፣ የዚህች ዲስትሪቢሲዮን መቼ ነው የተሠራው?»

አበባው ሳቁ መጣበት። «አንተም እንደ ፈረንሳዩ? ዲስትሪቢዩተር የላትም እኮ!»

«ዲስትሪቢዩተር ማን አለ? ዲስትሪቢሲዮን! ቺንጋው! የውስጡ ቺንጋ፣ ከዚህ ክዳን ሥር ያለው። የታችኛውን ሞተር ከላይኛው ጋር አስማምቶ የሚያዞረው እሱ አይደል እንዴ? ዕድሜ አለው፣ ይቀየራል። ካልተቀየረ ይበጠስና ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል። ዋላሂ፣ እዚህ አገር ሕፃንም ያውቀዋል።»

ክዳኑን ፈቱት። ከውስጡ የወጣው ጥርሱ የረገፈ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፍር ጥቁር ጎማ ነው። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ ሲያነሱት ከአሥራ ስድስቱ ቫልቮች አሥራ አንዱ ተጣመዋል። አበባው ወረቀቷን አውጥቶ ሰጠው። ዓብዱረዛቅ አነበበና ቀስ ብሎ መለሰለት።

«ነግሮሃል» አለ። «ጽፎልህም ነበር።»

አበባው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ያሳቀበት ቀልድ አሁን የሚያስቀው በማን እንደሆነ ገባው። ፒኬ ዱዝ ቢሰማ ምን እንደሚባል አሰበ፤ ፊቱ እሳት ሆነ።

ዓብዱረዛቅ ሲሄድ ስርጉት ከክፍሉ ወጥታ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። አበባው ያን ጊዜ ነው ያስተዋላት። በመኪናዋ በኩል ማለፍ ሲቀርባት አጥሩን ታክካ ዞረች፤ ቀሚሷ እንዳይነካት ሰብስባ ያዘች። ልብሷንም ከዳሱ በላይ ካለው ገመድ አውርዳ ድንጋይ ላይ ነው ያሰጣችው።

ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ምን ሆና ነው አሉህ?» አለችው ቀድማ።

«አንድ ዕቃ ተሰብሮ ነው።»

«በምን ተሰበረ?»

ጥያቄው ይኸው ነበር፣ ሌላ አይመጣም። መልሱም ሁለት ቃል ነው፤ በእኔ ስሕተት። ነገር ግን ሰው በሙያው ሲያፍር አንደበቱ ይታሰራል። በዚህች ልጅ ፊት ደግሞ የቀረው ክብር መካኒክነቱ ብቻ መሰለው።

«እንጃ» አለ። «የቀን ጉዳይ ነው። ዕድል ነው።»

ስርጉት አንገቷን ነቀነቀች። ድሮም የምታውቀውን ነበር የነገራት።

ቫልቮቹ ከዱባይ በአንድ ሳምንት ይመጣሉ ተባለ። በሳምንቱ የመጡት ለሌላ ሞተር የሚሆኑ ሆነው ተገኙ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ታዘዙ። አበባው በየጠዋቱ «ነገ» ይላል፤ በየማታው «አንድ ቀን ብቻ» ይላል። ፋናዬ በየቀኑ ትደውላለች። ቡልቻ ደርሶ መልስ ሁለቴ አለፈ፤ ሁለቴም ጠየቀ፤ ሁለቴም ላም አለኝ በሰማይ ተባለ። ስርጉት ግን መጠየቁን ትታለች። በጀልባ የሚያሻግራት ደላላ አበባው በሰጣት ስልክ ሲደውል ከግቢ ወጥታ ታነጋግረዋለች።

በሃያ አንደኛው ቀን ትክክለኞቹ ቫልቮች ደረሱ። አበባው ካርቶኑን ብብቱ ሥር ይዞ እየሮጠ ዳገቱን ወጣ። ክፍሉ ተጠርጓል፤ ብርድ ልብሱ ታጥፏል፤ ጀሪካኖቹ በውሃ ተሞልተዋል። ሰው የለም። ጎረቤቱ ኻሊዳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ልጅቷ በጠዋት ወጣች። ሁለት ልጆች መጥተው ወሰዷት» አለችው። «አሁን ትነሳልሃለች በዪልኝ ብላለች። እኔ ሳልኖር ትነሳለች አለች። ምን ማለቷ ነው?»

ስልኳ ዝግ ነው። አስተዋይ ሰው ቢሆን በዚያችው ሰዓት በኦቦክ መንገድ ላይ ወዳለችው ታጁራ የሚሄድ ተሽከርካሪ ፈልጎ ይሳፈር ነበር፤ የመጀመሪያውን መንገድ ተሳፍሮ፣ የቀረውን ለምኖ ይደርስ ነበር። አበባው ግን መካኒክ ነው፤ ጭንቅ ሲመጣበት የሚያውቀው ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው። «በሷ ከሄድኩ በሦስት ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ» አለ። ዓብዱረዛቅን ጠራና ሥራውን ያዘ። ያን ቀን ዋሉበት፤ በማግስቱም እስከ ረፋድ። አዲሱን ቺንጋ ዓብዱረዛቅ ምልክቱን ከምልክቱ እያገጣጠመ አለበሰላት።

ቁልፉን ሲያዞር በአንድ ምት ተነሳች። እንደዚያ ለስልሳ ሠርታ አታውቅም። ዘይት የነካው እጁን ሳይጠርግ ስልኩ ጮኸ፤ የማያውቀው ቁጥር ነው።

«ጋሼ፣ ደህና ነኝ» አለች ስርጉት። ከኋላዋ ነፋስ ይሰማል። «ኦቦክ ነኝ። ሀዊን አገኘኋት። አሁን ልንሳፈር ነው።»

«ቆይ! እንዳትሳፈሪ! ተነሳች፣ መኪናዋ ተነሳች፤ ስሚያት!» ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋላት፣ ነዳጅ ሰጣት፣ አስጮኻት። ወደ ጆሮው ሲመልሰው ስርጉት እየሳቀች ነበር።

«ሰማሁ! አላልኩህም? ከላይዋ ስወርድላት ትነሳለች አላልኩህም?»

«አይደለም፣ ስርጉት፤ ስሚኝ። ዲስትሪቢሲዮን ነው። ፈረንሳዩ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ዲስትሪቢዩተር መሰለኝ፤ ለካ ቺንጋው ነው፣ የውስጡ ቺንጋ…»

«ምን አልከኝ? ጋሼ፣ አይገባኝም። ነፋሱ…»

«ጥፋቱ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አንቺ ምንም አላደረግሽም!»

ዓብዱረዛቅ ቀስ ብሎ ስልኩን ከእጁ ወሰደና አየው። መስመሩ ተቋርጧል። መልሶ ደወለ፤ ያ ቁጥር አልመለሰም።

አበባው የዚያን ቀን መኪናዋን የነዳት አነዳድ ለሰው የሚወራ አይደለም። የአሳልን ቁልቁለት፣ የታጁራን ጠርዝ፣ የኦቦክን ጠጠር በላችው፤ አንዴ እንኳ አላስነጠሳትም። ከሰዓት በኋላ ኦቦክ ሲደርስ ባሕሩ ዳር የነበሩት ዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናሉ። ጀልባዋ ከከተማው ወጣ ካለ ቦታ ቀትር ላይ መውጣቷን አንዱ በእጁ አሳየው። ማዶው አይታይም። አበባው ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ጮክ ብሎ፣ ሰው እያየው።

ሀዊም ስርጉትም ከየመን አልደወሉም። አንድ ቀን ሄደ፣ አራት ቀን ሄደ። በሐሜት መልክ ግን አንድ ነገር ፒኬ ዱዝ ደረሰ፤ ያቺ ሳምንት ባሕሩ ክፉ እንደነበረ። አበባው አላጣራም፤ ለማጣራት አቅም አልነበረውም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዳሱ ሥር ቆሞ ሳለ ፋናዬ ደወለች። ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«አበባው ወንድሜ! ቡልቻ ትናንት በዚህ አለፈ። መኪናዋ ተሠርታ መንገድ ላይ ስትበር አየኋት ብሎ ነገረኝ፣ እልል አልኩ! ስልካችሁን የማታነሱት ለካ እየተሰናዳችሁ ነው። ልጄስ? ደህና ናት?»

አበባው የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ መልሶ ደፋው፤ ድምፁ ስልኩ ውስጥ ገባ።

«አይ፣ ይቅር፣ ሥራ ላይ ነህ» አለች ፋናዬ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሲነዳት አይጣል ነው አሉኝ። ልጄን ይዘህ አትሩጥብኝ። ይህን ያህል ጠብቄአለሁ፤ አንድ ሁለት ቀን ብትዘገዩ ምንም አይደል። ቀስ ብላችሁ ኑ። እሺ?»

«እሺ፣ እታለም» አለ። «አልሮጥም።»